«ኮዱ አልመጣም»፦ ኢሜይላችሁ ኬላ ላይ ሲቀር

ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ የሆነች አንዲት ወጣት እናስብ። ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የውጭ እንግዶች የሚያገኟት በአንድ የጉዞ ድረ ገጽ ላይ ባላት አካውንት ነው። ፓስወርዷን በትክክል አስገባች። ገጹ ግን «ማንነትዎን ለማረጋገጥ ወደ ኢሜይልዎ ኮድ ልከናል» አላት። ጠበቀች። የስፓም ሳጥኑንም ከፈተች። ምንም የለም። «ድጋሚ ላክ» የሚለውን አምስት ጊዜ ተጫነች፤ አሁንም የለም።

እዚያው ከተማ ያለ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ለነፃ የትምህርት ዕድል ሊመዘገብ ሲል ሌላ ነገር ገጠመው እንበል፦ «ይህን የኢሜይል አድራሻ መጠቀም አይቻልም»። አድራሻው ግን ትናንት ማታ ለጓደኛው የጻፈበት፣ በደንብ የሚሠራ አድራሻ ነው። ምዝገባው ደግሞ ነገ ያበቃል።

ሁለቱም መጀመሪያ የሚያስቡት «ምን አጥፍቼ ይሆን?» ብለው ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ «ምንም» ነው። ችግሩ ያለው ፓስወርዳቸው ላይ ሳይሆን ከአድራሻቸው ሁለተኛ ክፍል፣ ከዶሜይኑ ጋር ነው። የሆነ ቦታ ያለ ኮምፒውተር «ይህን አላሳልፍም» ብሏል። የታገደው ሰው ግን ማን እንዳገደውም ለምን እንዳገደውም አይነገረውም። ተስፋ ቆርጦ የሚተው ሰው ገቢውን ወይም የትምህርት ዕድሉን ሊያጣ ይችላል። እስቲ ማን ሊያግድ እንደሚችል፣ በምን እንደምትለዩትና ምን ማድረግ እንደምትችሉ አንድ በአንድ እንየው።

ከ«አት» በኋላ ያለው ነገር

የኢሜይል አድራሻ ሁለት ክፍል አለው። የሚለያቸው ጅራቷ የተጠቀለለው «አት» የምትባል ምልክት ናት። ይህችን ምልክት ለዚህ ሥራ የመረጣት አሜሪካዊው መሐንዲስ ሬይ ቶምሊንሰን ነው፤ ዘመኑ 1971 እ.ኤ.አ. ነበር። ከእሷ በፊት ያለው ስማችሁ ነው። ከእሷ በኋላ ያለው ደግሞ የሠፈራችሁ ስም ነው፤ ዶሜይን የሚባለው እሱ ነው።

ጂሜይል ዶት ኮም አንድ ትልቅ ሠፈር ነው። በ«ዶት ኢቲ» የሚያልቁት የኢትዮጵያ ሠፈሮች ናቸው፤ ከእነሱ ውስጥ በ«ኢዱ ዶት ኢቲ» የሚያልቁት የትምህርት ተቋማት ናቸው። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። የቆየ የሆቴል ወይም የቢሮ ቢዝነስ ካርድ ብትፈልጉ በ«ቴሌኮም ዶት ኔት ዶት ኢቲ» ወይም በ«ኢትዮኔት ዶት ኢቲ» የሚያልቅ አድራሻ ልታገኙበት ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። በር ላይ ያለ ኮምፒውተር አጥብቆ የሚመረምረው ስማችሁን ሳይሆን ሠፈራችሁን ነው። እናንተን በግል አያውቃችሁም። ስለ ሠፈራችሁ ግን የሰማው ወሬ አለው።

ደብዳቤው የሚያልፍባቸው ኬላዎች

ከወልድያ ተነስቶ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ የሚወጣ የጭነት መኪና ኬላ ቢያጋጥመው ጠባቂው የሚጠይቀው ይታወቃል፦ ከየት መጣህ? ለማን ነው? ወረቀትህስ? ኢሜይልም እንደዚሁ ነው።

ድረ ገጹ ኮድ ሲልክላችሁ የእሱ ሰርቨር መጀመሪያ የኢንተርኔትን የስም መዝገብ ይጠይቃል፤ ይህ መዝገብ ዲኤንኤስ ይባላል። ጥያቄው «የዚህ ዶሜይን ደብዳቤ ተቀባይ የትኛው ኮምፒውተር ነው?» የሚል ነው። መልሱን ይዞ ሄዶ የተቀባዩን ሰርቨር በር ያንኳኳል። ከዚያ ደብዳቤው ራሱ ገና ሳይወጣ ንግግር ይጀመራል። «እኔ እገሌ ነኝ፣ ከእገሌ አምጥቻለሁ፣ ለእገሌ ነው» ይላል። ተቀባዩ የሚመልሰው በሦስት አኃዝ ቁጥር ነው።

ቁጥሩ በ2 ከጀመረ «ተቀብያለሁ» ማለት ነው። በ4 ከጀመረ «አሁን አልችልም፣ ቆይተህ ተመለስ» ማለት ነው። በ5 ከጀመረ «አልቀበልም፣ አትመለስ» ማለት ነው። 550 የሚለው ቁጥር በጣም የታወቀው እምቢታ ነው። ይህችን የ2፣ የ4 እና የ5 ሕግ አስታውሷት፤ በኋላ ትጠቅመናለች።

ለመሆኑ ለምን ያግዳሉ?

1978 እ.ኤ.አ. የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ የሆኑበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት፣ በግንቦት 3 (እ.ኤ.አ.) ጋሪ ቱርክ የሚባል የኮምፒውተር ድርጅት ሻጭ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች ባንድ ጊዜ ያልጠየቁትን ማስታወቂያ በኮምፒውተር መረብ ላከ። ተቀባዮቹ ተቆጡ። ዛሬ የመጀመሪያው ስፓም እየተባለ የሚጠራው ይህ መልእክት ነው።

ኢንተርኔት ሲስፋፋ ስፓሙም ተስፋፋ። ከማስታወቂያ አልፎ ማጭበርበሪያና ቫይረስ መጣ። በ1997 እ.ኤ.አ. ፖል ቪክሲ የሚባል ባለሙያ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ስፓም የሚልኩ አድራሻዎችን የያዘ ጥቁር መዝገብ አቋቋመ። በዓመቱ፣ በ1998፣ ስፓምሃውስ የሚባለው ተመሠረተ። እሱ እስከ ዛሬ ይሠራል። በዓለም ያሉ ብዙ ሰርቨሮች አንድ ደብዳቤ ከመቀበላቸው በፊት «ይህ ላኪ መዝገቡ ላይ አለ ወይ?» ብለው እንዲህ ያሉ ዝርዝሮችን ይጠይቃሉ።

አጠያየቁ ራሱ ደስ ይላል። የላኪውን አይፒ አድራሻ ቁጥሮች ከኋላ ወደ ፊት ይገለብጧቸዋል፤ የመዝገቡን ስም ይቀጥሉበታል፤ ከዚያ ልክ እንደ ድረ ገጽ ስም ዲኤንኤስን ይጠይቃሉ። «እንዲህ ያለ ስም የለም» ከተባለ ላኪው ንጹሕ ነው። እንደ 127.0.0.2 ያለ መልስ ከመጣ ግን ተመዝግቧል ማለት ነው። ሥራው በሰከንድ ክፍልፋይ ያልቃል።

ችግሩ እንዲህ ያለው መዝገብ ሰውን ሳይሆን ሠፈርን መመዝገቡ ነው። በአንድ ዶሜይን ሥር ካሉ መቶ ሰዎች የአንዱ ኮምፒውተር በቫይረስ ተይዞ ሌሊቱን ስፓም ሲልክ ቢያድር፣ ጠዋት የሚታገዱት መቶዎቹም ናቸው። በደረቅ ጦስ እርጥብ ይቃጠላል ማለት ይኼ ነው።

ማን ነው ያገደኝ?

እንግዲህ እገዳው አንድ ዓይነት አይደለም። በሩ የት እንዳለ ካላወቃችሁ ያልዘጋውን ሰው ስትለምኑ ትውላላችሁ። ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው።

አንደኛ፣ ድረ ገጹ ራሱ። አንዳንድ ድረ ገጾች የማይቀበሏቸውን ዶሜይኖች ዝርዝር ይይዛሉ። በብዛት የሚገቡበት ለአሥር ደቂቃ ተከፍተው የሚጣሉ፣ የአንድ ጊዜ አድራሻ የሚሰጡ አገልግሎቶች ናቸው። ሌሎች ደግሞ የተገላቢጦሽ የተቋም አድራሻ ብቻ ይቀበላሉ፤ ለተማሪ የሚሰጥ ነፃ ሶፍትዌር ለምሳሌ የትምህርት ቤት ዶሜይን ሊጠይቅ ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ወዲያውኑ፣ እዚያው ገጹ ላይ «ይህ አድራሻ አይቻልም» ይላችኋል። የተማሪያችን ጉዳይ ይህ ነው። ፓስወርድ ቢቀይር ምንም አይፈይድለትም፤ መፍትሔው ሌላ ዶሜይን ላይ ያለ አድራሻ መጠቀም ወይም ለድረ ገጹ ድጋፍ ክፍል መጻፍ ነው።

ሁለተኛ፣ የእናንተው ተቋም ሰርቨር። ዩኒቨርሲቲ፣ መሥሪያ ቤት ወይም ድርጅት የራሱ ማጣሪያ አለው። ድረ ገጹ ኮዱን በትክክል ልኮ ማጣሪያው በር ላይ ሊጥለው ይችላል። ምልክቱ፦ የዚያ ድረ ገጽ ኮድ በተቋሙ አድራሻ አይመጣም፣ በጂሜይል ግን ይመጣል። ባልደረቦቻችሁም ያው ችግር አለባቸው።

ሦስተኛ፣ የላኪው ማኅተም። ማኅተም የሌለው የድጋፍ ደብዳቤ ይዛችሁ ቢሮ ሂዱና እዩት፤ ማንም አያነበውም። ኢሜይልም ሦስት ማስረጃ ይጠየቃል። ኤስፒኤፍ የሚባለው «በእኔ ስም ደብዳቤ የሚያደርሱት እነዚህ ብቻ ናቸው» የሚል በዶሜይኑ ባለቤት የተለጠፈ ዝርዝር ነው። ዲኪም በሒሳብ የተሠራ ማኅተም ነው፤ ደብዳቤው መንገድ ላይ ቢነካካ ማኅተሙ ይፈርሳል። ዲማርክ ደግሞ የባለቤቱ ትእዛዝ ነው፦ ፈተናውን ያላለፈውን ደብዳቤ ዝም በሉት፣ ወደ ስፓም ጣሉት፣ ወይም መልሱት። ጉግልና ያሁ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን አጥብቀዋል። ጉግል ወደ ጂሜይል በቀን ከ5000 በላይ መልእክት የሚልኩትን ሦስቱንም እንዲያሟሉ ይጠይቃል፤ ከዚያ በታች የሚልክም ቢሆን ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ያስፈልገዋል። አንድ ትንሽ ሆቴል ወይም ትምህርት ቤት ድረ ገጽ አሠርቶ እነዚህን ሳያስገባ ከቀረ፣ የሚልከው ኮድ ለብዙ ደንበኞቹ አይደርስም። ምልክቱ፦ ያ አንድ ድረ ገጽ ብቻ ነው የሚያስቸግራችሁ፣ የሌሎቹ ሁሉ ኮድ ይመጣል።

አራተኛ፣ የኢንተርኔት መስመራችሁ። የድሮው የአይፒ አድራሻ ሥርዓት ያለው ቁጥር 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ነው፤ ከዓለም ሕዝብ ያነሰ ማለት ነው። ስለዚህ የቴሌኮም ድርጅቶች ብዙ ደንበኞችን ከአንድ የውጭ አድራሻ ጀርባ ያስቀምጣሉ። አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ተከራዮች አንድ ቆጣሪ እንደሚጋሩት ነው፤ አንዱ ሳይከፍል ቀርቶ መብራቱ ቢቆረጥ ሁሉም ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ከእናንተ ጋር አድራሻ የሚጋራ ሰው ስፓም ከላከ ድረ ገጹ እናንተንም ሊጠረጥር ይችላል። ምልክቱ፦ በሆቴሉ ዋይፋይ ያልገባው በሞባይል ዳታ ይገባል፣ ወይም የተገላቢጦሽ።

ኔትወርክ ሲመለስ የማይመለስ ነገር

አስጎብኚዋ ግን ከአራቱ በየትኛውም ላትሆን ትችላለች። እሷን ለመረዳት የላስታን ያለፉ ዓመታት ማስታወስ ያስፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ መብራትና ስልክ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ታዲያ በዚያ ጊዜ ለእናንተ የተላኩት ኢሜይሎች የት ሄዱ?

መልሱ የሚወሰነው በሠፈራችሁ ነው። አድራሻችሁ ጂሜይል ከሆነ ሰርቨሩ ያለው ላሊበላ አይደለም። ላሊበላ ጨለማ ውስጥ ብትሆንም ደብዳቤዎቹ ውጭ አገር ሳጥናችሁ ውስጥ እየተጠራቀሙ ይጠብቃሉ። ኮድ ግን እንደ ደብዳቤ አይጠብቅም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያረጃል። በዚያ ላይ ጉግል ለ2 ዓመት ማንም ያልገባበትን የግል አካውንት መሰረዝ ከታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጀምሯል።

አድራሻችሁ እዚያው አካባቢ በቆመ ሰርቨር ላይ ከሆነስ? መብራት ሲጠፋ ሠፈሩ በሙሉ ከካርታው ይጠፋል። የላኪው ሰርቨር መጥቶ ያንኳኳል፤ የሚከፍት የለም። እንደገና ይሞክራል። የኢሜይል ደንብ ለ4 ወይም ለ5 ቀን ያህል እየተመላለሰ እንዲሞክር ይመክራል። ከዚያ በኋላ ተስፋ ይቆርጥና ደብዳቤውን ለላኪው ይመልሳል። የዶሜይኑ ዓመታዊ ክፍያ ሳይከፈል ጊዜው ካለፈ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ስሙ ራሱ ከመዝገቡ ሊወጣ ይችላል።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይመጣል። ለብዙ ሰው ኢሜይል የሚልኩ ድርጅቶች ደብዳቤ የተመለሰባቸውን አድራሻዎች ይመዘግባሉ። ምክንያት አላቸው፤ ወደሌለ አድራሻ ደጋግሞ የሚልክ ድርጅት ራሱ ስፓመኛ ይመስላል። ስለዚህ «ወደዚህ አድራሻ ዳግመኛ አትላኩ» የሚል የራሳቸው ዝርዝር አላቸው። መብራቱ ይመለሳል፣ ሰርቨሩ ይነሳል፣ የጓደኛ ኢሜይል ይመጣል። የዚያ ድረ ገጽ ኮድ ግን አይመጣም፤ ምክንያቱም ከነጭራሹ አልተላከም! ገጹ «ልከናል» ይላል እንጂ ደብዳቤው ከላኪው ግቢ አልወጣም። አስጎብኚዋ «ድጋሚ ላክ»ን መቶ ጊዜ ብትጫን ያው ነው። ሊከፍትላት የሚችለው የድረ ገጹ ድጋፍ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱም ከተጠየቀ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ አትደናገጡ፣ «ድጋሚ ላክ»ንም አትደጋግሙ። ብዙ ድረ ገጾች አዲስ ኮድ ሲልኩ የቀድሞውን ይሽራሉ። ከተደጋገመ ደግሞ ለሰዓታት ይቆልፉባችኋል። አንዴ ተጭናችሁ 15 ደቂቃ ጠብቁ። አንዳንድ ሰርቨር የማያውቀውን ላኪ ሆን ብሎ በ4 በሚጀምር ቁጥር «ቆይተህ ና» ይለዋል፤ ስፓመኛ ብዙ ጊዜ አይመለስምና። ስፓም ሳጥኑንም እዩ።

ቀጥሎ አድራሻችሁን ፈትኑት። ከጓደኛችሁ ስልክ ወደ ራሳችሁ ኢሜይል ላኩ። ከደረሰ ሳጥናችሁ ይሠራል ማለት ነው። ከተመለሰ የመመለሻውን መልእክት አትሰርዙት፤ ውስጡ ያቺ ሦስት አኃዝ ቁጥር አለች። በ4 ከጀመረች ጠብቁ፤ በ5 ከጀመረች መጠበቅ ዋጋ የለውም፣ ሰው መጠየቅ ነው። ከቁጥሯ ጎን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ፣ አንዳንዴም የጥቁር መዝገቡ ስም ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ከዚያ መስመር ቀይሩ፤ ከዋይፋይ ወደ ዳታ፣ ከዳታ ወደ ዋይፋይ። ከገባችሁ ጥፋቱ የመስመሩ ነበር።

ካልሆነ ጻፉ። ለተቋማችሁ የአይቲ ክፍልም ሆነ ለድረ ገጹ ስትጽፉ «አልሠራ አለኝ» ብቻ አትበሉ። እንዲህ በሉ፦ «ዛሬ ከቀኑ በዚህ ሰዓት ኮድ ጠይቄ አልደረሰኝም። አድራሻዬ ይኼ ነው። ከሌሎች ላኪዎች ኢሜይል ይደርሰኛል። ሰርቨራችን ለተወሰነ ጊዜ ተቋርጦ ስለነበር አድራሻዬ መላክ ከቆመባቸው መካከል እንዳለ አይታችሁ እንድታወጡልኝ እጠይቃለሁ።» ለውጭ ድርጅት ስትጽፉ ሰዓቱ በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ ለዩላቸው፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት ፍለጋቸውን ያበላሸዋል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ባለሙያ የት እንደሚፈልግ ያውቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። «የተዘጋ አካውንት እከፍታለሁ፣ ኮዱን ላክልኝ» የሚል ሰው በቴሌግራም ቢመጣ ኮዱን አትስጡት። ኮዱን የያዘ ሰው ቁልፉን ይዟል።

ሳይዘጋ በፊት

አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። አካውንታችሁ የተንጠለጠለው በአንድ አድራሻ ብቻ ከሆነ እናንተም ባለ አንድ ዓይን ናችሁ። ዛሬ፣ ገና መግባት ስትችሉ፣ በሌላ ዶሜይን ላይ ያለ ሁለተኛ አድራሻ አስመዝግቡ። የዩኒቨርሲቲ አድራሻ ያላችሁ ደግሞ ስትመረቁ ሊዘጋባችሁ እንደሚችል አስቡ፤ ለሥራ የምትፈልጉትን ሁሉ ቀድማችሁ ወደ ግል አድራሻ አዛውሩ። የስልክ ቁጥርም ቢሆን ዋስትና አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀማችሁበት ቁጥር ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል።

ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት አገር ደግሞ የተሻለ ዘዴ አለ፤ ኮድ አመንጪ አፕ። ደንቡ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ አንድ ጊዜ እናንተና ድረ ገጹ ምስጢራዊ ቁጥር ትካፈላላችሁ። ከዚያ በኋላ ስልካችሁ ምስጢሩንና የአሁኑን ሰዓት በሒሳብ ቀላቅሎ አብዛኛውን ጊዜ በየ30 ሰከንዱ ባለ 6 አኃዝ ኮድ ያወጣል። ድረ ገጹም በራሱ በኩል ያንኑ ያሰላል፤ ሁለቱ ከገጠሙ ይከፈታል። ኢሜይል የለም፣ ኬላ የለም፣ ዶሜይን የለም። አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ኔትወርክ ሳይኖር እንኳ ኮዱ ይወጣል።

ግን ልብ በሉ፦ ሒሳቡ ውስጥ ሰዓት አለበት። የስልካችሁን ሰዓት በእጅ ወደ ሐበሻ አቆጣጠር ካዞራችሁት ስልኩ ስድስት ሰዓት ስቷል፤ ኮዱም አይገጥምም። ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል ተዉት፤ የሐበሻን ሰዓት የሚያሳይ ሌላ አፕ ጎን ለጎን መያዝ ትችላላችሁ። ድረ ገጹ የሚሰጣችሁን የመጠባበቂያ ኮዶችም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከልደት ካርዳችሁ ጋር አስቀምጡ። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፤ ወረቀት ባትሪ አይፈልግም።

በመጨረሻ አንድ የቤት ሥራ። በኮምፒውተር ጂሜይል ክፈቱ፤ ከባንክ ወይም ከታወቀ ድርጅት የመጣ አንድ መልእክት ምረጡ። በመልእክቱ ቀኝ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ የመልእክቱን ዋና ቅጂ የሚያሳየውን ምርጫ ፈልጉ። በሚከፈተው ገጽ አናት ላይ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ ተሰልፈው ታገኛላችሁ፤ ከእያንዳንዳቸው ጎን ማለፍ አለማለፋቸው ተጽፏል። ከዚያ ያንኑ በሠፈራችሁ ካለ ትምህርት ቤት ወይም ሆቴል በመጣ ኢሜይል ሞክሩት። አንዱ ወድቆ ካገኛችሁት ለባለቤቶቹ ንገሯቸው። ኮዳቸው ያልደረሰው ደንበኛ ምን እንዳጠፋ ሲያሰላስል ቆይቶ ይሆናል።